አያሌው ያጨበጨበለት ፊልም

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ከገበያ ስመለስ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ፊልሙ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪና ስለ አንዲት ነርስ ነው። ጭንብል አጥልቀው፣ የጀግና ልብስ ሰፍተው፣ ሕግ ያልነካውን በዳይ ሁሉ አጥንቱን ይሰብሩታል።

አያሌው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የእህቴ የዘውዴ ባል ነው። በገና ማግስት በቡጢ ሁለት የፊት ጥርሷን አርግፏል። ሽማግሌዎች አስታረቁን፤ እጄን እንዳላነሳበትም አስማሉኝ።

ጋጋሪው ሚስቱን የሚደበድብ ሰውዬ አግኝቶ መንጋጋውን በመዶሻ ሲለው፣ አያሌው ከአግዳሚው ብድግ አለ። «ጨምርለት! ሴት ላይ ነው የሚበረታው» እያለ አጨበጨበ። እኔ ፊልሙን ትቼ የእሱን አፍ አየሁ። አንድም ጥርስ አልጎደለውም።

ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እንዲህ ያለ ሰው ለእኛም አገር ነበር የሚያስፈልገው» አለኝ።

«እውነትህን ነው» አልኩት።

ዘውዴ አሁንም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። የፊልሙ ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ይጨነቃሉ። እኔ ግን አያሌው ፊቴን አይቶ፣ ስለ ማን እንደመጣሁ እንዲያውቅ ነው የምፈልገው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ መሐላዬን ፍቱልኝ እላቸዋለሁ። ባይፈቱልኝም እንኳ...