አባ በደጃችን ሲያልፉ

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ በላቸው፤

በመካከላችን ያለው አገር ቢሰፋም ሰላምታዬ እነቀምት ድረስ ይድረስህ። ባለቤትህና የምታስተምራቸው ልጆች እንደምን ሰነበቱ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

ጤፉ ዘንድሮ ሸጋ ነው። ቡሬዋ ላምም ወለደች። የጻፍኸው መጽሐፍ በነጋዴው በነጋ እጅ ደረሰን። የአባታችን ዓይን ስለደከመ እኔው እየተንተባተብሁ አነበብሁላቸው። «ፊደል ላስቆጠሩኝ ለአባቴ ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም» ከሚለው ስደርስ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

ወሬውን የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰምተው መጡ። «መሪጌታ፣ ይህ የሉተራን ቄስ ልጄ አይደለም ይበሉ» አሏቸው።

«እንዴት አድርጌ? አፍንጫው የኔ!» ብለው አባታችን ሳቁ።

አባ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ በደጃችን ያልፋሉ እንጂ አይገቡም። አባታችን «እግራቸውን አሟቸው ይሆናል» ይላሉ። አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተንላቸዋል፤ የመቋሚያ ድምፅ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። እህል ብዙም አይቀምሱም። ነጩን ጋቢ እጠቢልኝ ብለውኝ አጥቤ አስቀምጫለሁ። ጎረቤታችን ትርንጎ «ያለ አባማ እንዴት ይሆናል?» ትለኛለች። የሷን አፍ ታውቀው የለ።

ምነው ጤፉ ሳይወቃ ብትመጣ? ስትመጣም በቀጥታ ወደ ቤት አትግባ፤ መጀመሪያ አባ ዘንድ ሂድ። ክርስትና ያነሱህ እሳቸው ናቸውና ጉልበታቸውን ሳም፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን ተወው። ከዚያ እጃቸውን ይዘህ አብራችሁ ግቡ።

አባታችን ከሁለታችሁ የማንን ኮቴ ቀድመው እንደሚለዩ እናያለን። እስከዚያው በደህና ያቆይልን።

እህትህ ሽታዬ