አባትሽ ይዘውት የመጡት ኪቦርድ

ውድ ኢቅራ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡሽ አባትሽ ናቸው። ካርቶኑን ተቀበያቸውና ውኃ ስጫቸው፤ አረፍ ሲሉ ወደ ጓዳ ገብተሽ ብቻሽን አንብቢው። እሳቸው ዕቃ አድርሰው በማግስቱ የሚመለሱ መስሏቸዋል። እኔ ግን እንዲመለሱ ብዬ አልላክኋቸውም።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ከምትሠሪበት ሱቅ ለሙከራ የላክሽልኝን ኪቦርዶች ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ አለ ብለሽ ስታወሪልኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወልድያ ያየኝ ሐኪም «የእጅሽ ነርቭ አንጓሽ ላይ ተጨምቋል፤ በዚሁ ከቀጠልሽ አውራ ጣትሽ መጨበጥ ያቅተዋል» ሲለኝ ግን ሳቄ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ከእጄ ያመልጠኛል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።

ትልቁ፣ መሐሉ እንደ ሳህን የጎደጎደው፣ በእጄ ልክ የተሠራ ይመስላል። ግራና ቀኙን አራርቄ በትከሻዬ ትክክል ሳስቀምጣቸው ክንዴ ይፈታል፣ አንጓዬም አይጣመምም። ጣቴ ቁልፍ ፍለጋ አይንጠራራም። ጥቂት ቀን ሠርቼበት መደንዘዙ ቀለል አለኝ። ትንሹ ጠፍጣፋ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ግን የቁጥር ረድፍ የለውም፤ ቁጥር ለመጻፍ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። የኛን የጽሕፈት ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ቀንና የቤት ቁጥር የሌለበት ማመልከቻ የት አለ? እየተሳሳትኩ እየሰረዝኩ ነው የምውለው።

ስለዚህ ትልቁን ልመርጥ ነበር። ጉድለቱ ድምፁ ብቻ ነው። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ፈጠን ብዬ ስጽፍበት ደግሞ ከበር ውጭ ሳይቀር ይሰማል። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ማን ልብ ይለው ነበር?

አሁን ቆቦ ጆሮዋን አቁማ ነው የምትውለው። ሱቃችንን ገና ሳልከፍተው ሰው በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ጥቂቱ ነው። ሌላው የትምህርት ማስረጃውን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የቤቱን ካርታ ስካን አስደርጎ በፍላሽ ይዞ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ እኔም አልጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩኝም። ከጎብዬ የመጣች አንዲት ሴት የልጆቿን ፎቶ ከነፍሬሙ ከግድግዳ ነቅላ አምጥታ ነበር። እነሱ ሰፈር ማሽላውን ሳይደርቅ ማጨድ የጀመሩ አሉ አለችኝ።

እሷ ወረፋ እየጠበቀች ሳለ አባትሽ ጋሽ ኢብሮ ከሮቢት መጡ። ስልክ ሠርቶልኝ ያንቺን ድምፅ ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ በትልቁ ኪቦርድ አንድ ማመልከቻ ለመጨረስ እየተጣደፍኩ ነበር። ሴትዮዋ ስትጮህ ዞር አልኩ። ጋሽ ኢብሮ ጠረጴዛው ሥር ናቸው። ኮፊያቸው ወድቋል፤ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ሸፍነዋል።

«የት ደረሱ?» አሉኝ። «ሮቢት ገቡ?»

«ኪቦርዱ ነው ጋሽ ኢብሮ፣ ተኩስ አይደለም። እኔ ነኝ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዱ የበሩን መቀርቀሪያ ይዞ ቆሞ ወደ ውጭ ያዳምጣል። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው።

«ለኢቅራ እንዳትነግሪብኝ፤ በአላህ» አሉኝ።

«እሷ ጋ ለምን አይሄዱም? አውቶቡሱ እኮ መሥራት ገና አላቆመም።»

«ባለፈው ጦርነት ሸሽቼ ምን አገኘሁ? እናቷን መንገድ ላይ ቀበርኳት። አሁን ወላሂ ከደጄ ንቅንቅ አልልም። የመጣው ይምጣ።»

ወዲያው ትልቁን ነቅዬ ትንሹን ሰካሁ። ምርጫዬ ይኸው ነው፤ ድምፅ የሌለው። እጄ ይጎዳብኛል፣ አውቃለሁ። ግን በዚህ ሰው ጆሮ ላይ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ማንቋቋት አልችልም።

ትልቁን ወደ ካርቶኑ ስመልስ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሮቢት ሄድኩ።

«ጋሽ ኢብሮ፣ ይህን ለኢቅራ የሚያደርስልኝ ሰው አጣሁ።»

«ለአውቶቡሱ ረዳት ስጪው።»

«ከተንገጫገጨ ይሰበራል። እሷ ፈርማ ያወጣችው ዕቃ ነው፤ በደህና ካልተመለሰ ከሥራ ያባርሯታል።»

ውሸቴን ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ካርቶኑን አዩት። ግቢያቸውንም አዩ፤ ፍየሎቹን፣ በሩን። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀበሉኝ።

«አድርሼ እመለሳለሁ» አሉ።

«እሺ» አልኳቸው። በዚያው ባጃጅ አብረውኝ ቆቦ መጡ፤ ነገ ማለዳ ሲሳፈሩ ይህን ደብዳቤ እሰጣቸዋለሁ።

ከለበሱት በቀር ልብስ አልያዙም። ጋቢ ግዢላቸው። ስለ ፍየሎቹ ካነሱብሽ ጎረቤታቸው አላምረው እያየልን ነው በያቸው።

እኔን ነይ እንደምትይኝ አውቃለሁ። እናቴን ታውቂያታለሽ፤ ከአልጋ መነሳት አትችልም፣ እሷን ትቼ ደግሞ የት እሄዳለሁ? ዛሬ ወደ ደቡብ የሚወርደው መኪና ሁሉ ሰው ጣሪያው ላይ ጭኖ ነው ያለፈው። ከሰሜን በኩል የመጣ ግን ከረፋድ ጀምሮ አንድም አላየሁም። መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ሱቆች በቀን ዘግተዋል። ይህን የምጽፍልሽ በሬን ገርበብ አድርጌ በትንሹ ኪቦርድ ነው፤ ራሴም አልሰማው።

አባትሽ መመለስ እንደሚሉሽ አልጠራጠርም። ስለዚህ ካርቶኑን አብራችሁ ክፈቱት። ሁለቱን ግማሽ የሚያገናኘውን ገመድ ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ። ያለሱ ዕቃው አይሠራም፣ ሱቁም አይቀበለውም በያቸው። ላምጣው ብለው ከተነሱ፣ አስረሳሽ ራሷ ይዛው ትመጣለች፣ እስክትደርስ እዚሁ ይጠብቋት በያቸው።

ይህችኛዋ ውሸት እንዳትሆን የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ።

እህትሽ አስረሳሽ
ከቆቦ