በጋሽ ደበላ ጭድ ውስጥ የተገኘው እንስራ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አስራ አንድ ወር አለፈ። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እማዬ ጌሾ እያስወቀጠች ነው፣ እኔም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ከዚያ በፊት ግን ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። በሕይወት ሳለህ መንገር ሲገባኝ ያልነገርኩህ ነው። ቀስ እያልኩ እንድደርስበት ፍቀድልኝ፤ ፈሪነቴን ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከላምበረት በላይ በደጃችን አልፎ ወደ ተራራው ጫካ የሚወጣው የእግር መንገድ ተሠርቷል። በክረምት በመቀመጫችን እየተንሸራተትን የምንወርድበት ዳገት የድንጋይ ደረጃ ወጥቶለታል። ከላይ ሜዳው ላይ የቆርቆሮ መጠለያ ቆሞ፣ እማዬና የመንደሩ ሴቶች እሑድ እሑድ ቆሎ፣ ዳቦና ሻይ ይሸጡበታል። አሁን ክረምቱ ስለገባ ሰው ቀነሰ እንጂ በበጋማ ከቦሌ የሚመጣው ሁሉ መኪናውን ታች እያቆመ በእግሩ ሲወጣ ይውላል። ሁለት ሁለት ምርኩዝ የሚይዙት ፈረንጆችም አልቀሩም። "ምኑን አሟቸው ነው?" እያልክ ትስቅባቸው ነበር። አሁን ሲያልፉ ብቻዬን እስቃለሁ፤ እንዳንተ ግን አያምርብኝም።

ገንዘቡን የሰጠው ያው የእርዳታ ድርጅት ነው። በእግር መንገድ አጠገብ ያሉ ትንንሽ መንደሮች ከእግረኛው እንዲጠቀሙ እንረዳለን ብለው ቀበሌ ድረስ የመጡት። ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ቢሮ ታይፕ የምመታ እኔ ስለነበርኩ ማመልከቻውን አንተ ጻፍ ተባልኩ። አንተም "የሚጽፈው ልጄ ነው" እያልክ ያልነገርከው ሰው አልነበረም።

አሁን እንስራህን ላንሳ። ደጃችን መንገዱ ዳር ካለው ወይራ ሥር ሦስት ድንጋይ ላይ ያስቀመጥከውን፣ ጣሳው በሲባጎ የታሰረበትን። ሁልጊዜ ጠዋት ከብቶቹን ከማውጣትህ በፊት ከምንጩ እየቀዳህ ትሞላው ነበር። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች፣ ገበያተኛው፣ ኋላ ኋላ ፈረንጆቹም ይጠጡ ነበር። ብር ሊሰጥህ የሞከረውን ሁሉ እጁን ትመልሳለህ፤ ውሃ ይሸጣል እንዴ ትላለህ። ጎረቤትህና የልጅነት ጓደኛህ ጋሽ ደበላ ብቻ፣ ውሃ ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ ባቄላዬን ረገጠው እያለ ያጉረመርም ነበር። ያጉረመርምና እሱም ይጠጣል።

እንግዲህ ስማኝ።

የድርጅቱ ሰዎች መንደሩን ለማየት የመጡት እሑድ ነበር። አንተ ቅዳሴ ሄደሃል፤ ሰንበቴም ስለነበረ እንደምትቆይ አውቄአለሁ። እኔ ቢሮ ውስጥ ስንቱን ማመልከቻ ስመታ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ችግር ከሌለ እርዳታ የለም። ደጁ ላይ እንስራ ሙሉ ውሃ ያስቀመጠ መንደር ቸገረኝ ቢል ማን ያምነዋል አልኩ። ጠዋት የሞላኸውን ውሃ ደፋሁት። እንስራውን ከነጣሳው አንስቼ፣ ቅርብ የነበረው የጋሽ ደበላ የጭድ ክምር ነውና እዚያ ውስጥ ቀበርኩት። ሲሄዱ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ጋሽ ደበላ እግሩን አሞት ያን ቀን ቤቱ ተኝቶ ነበር።

የመጣችው ሴትዮ ወይራው ሥር ቆማ ባዶዎቹን ድንጋዮች አየችና፣ ለመንገደኛ እስካሁን ያደረጋችሁት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ጻፈችው። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰን ደብዳቤ፣ እኛ የምንረዳው በራሱ አንድ ነገር የጀመረን መንደር ስለሆነ ዘንድሮ አልተመረጣችሁም ይላል። ሊያዩ የመጡትን ነገር ነው የደበቅሁባቸው። ለአንተ ሳነብልህ "በራሱ የጀመረ" የምትለዋን ቃል ዘለልኳት።

ያን እሑድ እንግዶቹን ላምበረት ድረስ ሸኝቼ፣ ምሳ ጋብዘውኝ ስመለስ ዘግይቼ ነበር። አንተ ቀድመህ ገብተህ እንስራህን ስትፈልግ፣ የጣሳው ሲባጎ ከጭዱ ተንጠልጥሎ አይተሃል። ማንንም አልጠየቅክም። መልሰህ ቦታው አስቀመጥከው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጋሽ ደበላን ሰላምታ ነሳኸው። ለባቄላው ብሎ ነው አልክ። ልጅህን በምን ትጠረጥራለህ?

ሲበርድለት እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ያን ጊዜ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ጨርሶ ዝም አልኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ታመህ ተኛህ። የንስሐ አባትህ የተቀየምከው ሰው አለ ወይ ቢሉህ አልዋሸሃቸውም። ጋሽ ደበላን አስጠሩት፤ እያነከሰ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንተም፣ "ወስጄዋለሁ ይበለኝ ብቻ፣ አሁኑኑ ይቅር እለዋለሁ" አልክ። እሱ እንባው እየወረደ፣ ያልሠራሁትን እንዴት ሠራሁ ልበል አለ። ቄሱ አንዴ አንተን አንዴ እሱን ያያሉ። እኔ የመድኃኒትህን ማንኪያ ይዤ ራስጌህ ቆሜአለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አባዬ፣ ያቺን አንድ ቃል አልተነፈስኳትም። አንተ ወደ ግድግዳው ዞርክ፣ እሱም ወጣ። በስድስተኛው ቀን አረፍክ። አፈር ሲያለብሱህ አካፋ ከያዙት አንዱ እሱ ነበር።

ጥቅምት ላይ የድርጅቱ ሴትዮ ለአዲሱ ዓመት ምርጫ ስትመለስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መንደሩን ያሳያት ጋሽ ደበላ ነው። ወይራው ሥር ወስዶ፣ አንተ ስንት ዘመን መንገደኛ እንዳጠጣህ ነገራት፤ ባቄላውን አላነሳም። እርዳታው የተፈቀደልን በዚህ ነው። ሰው ግን የሚያመሰግነው ጸሐፊውን፣ እኔን ነው። እሱን ዛሬም የሟች እንስራ የሰረቀ ይሉታል። መጠለያው ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው ፈቀቅ ይላል። አይቻለሁ፤ አይቼም ሻዬን ጠጥቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ወግቼም መርሳት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት የጎርፍ ቦይ ሲቀድ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ዶማውን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። "እኔ በቁሜ አለሁ፣ ከአንተ ጋር ቀስ ብለን እንታረቃለን። እሱ ነው ተጣልቶኝ የሄደው። መጀመሪያ ለእሱ ንገረው" አለኝ።

ይኸው እየነገርኩህ ነው። እንስራህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደበላ እጁ የለበትም። ይቅርታህን ለራሴ አልለምንም፤ ጓደኛህን ግን ታረቀው።

ለእማዬ ትናንት ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፤ አልፈርድባትም። በሙት ዓመትህ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ቄሶቹ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ተነስቼ በሰው ፊት እናገራለሁ። ከአሁኑ ፈርቻለሁ። ግን እናገራለሁ። ከዚያም በኋላ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደግነትህን ሳነሳ የእሱን ንጽሕና አብሬ አነሳለሁ፤ ልጆች ብወልድ አያታቸው ከጓደኛው ተጣልቶ የሞተው በማን እንደሆነ ከእኔው አፍ ይሰማሉ።

ነገ ጠዋት ጋሽ ደበላ ቤት እሄዳለሁ። ነገርከው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ነገርኩት እለዋለሁ።

ልጅህ ታደሰ