የተቀያየሩት የካንዴላ ገመዶች

ለልጄ ለሙርታዳ፣

ሰላምታዬ ፖርት ሱዳን ድረስ በጤና ያግኝህ። የአባትህን ፒክአፕ ነካክታ አበላሸች መባሌን ሰምተሃል፤ ሐሰት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አባትህ ራሱ ለሞተሩ እሳት የሚያደርሱትን የካንዴላ ገመዶች ነቅሎ ጠርጎ መለሳቸው። ሞተሩ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጥና ይተኩስ ጀመር። ጎረቤታችን ባቢክር፣ «ሐጅ፣ መኪና ነው ወይስ የሰሊጥ መጭመቂያ?» ብሎ ሳቀ። አባትህ ቤንዚኑን ረገመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሦስተኛውና አራተኛው ገመድ ተቀያይረዋል። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት፤ እሳቱ የሚደርስበትን ተራ ያስጠናኝ እሱ ነበር።

ባሳየሁት ጊዜ፣ «ማን ነካው?» አለኝ። ዓይኑን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም፤ ራሱ መንቀሉን ረስቶታል።

«እኔ ነኝ፣ ልወልውል ብዬ።»

«መምህርት፣ አንቺ ጠመኔሽን ያዢ!» አለና እኔ እያቀበልኩት አስተካከለ። ሞተሩ ረጋ። እሱም ለገበያው ሁሉ አወራ። አንተም እንዳታርመው።

ለዒድ ፈቃድ ብትጠይቅ መልካም ነው። አላህ ይጠብቅህ።

ነገ በመጀመሪያ፣ አባትህ ከሱብሒ ሶላት ሳይመለስ፣ በየገመዱ ላይ ቁጥሩን በቀለም እጽፋለሁ። ከዚያ ወደ ገበያ ሲነዳ አጠገቡ እቀመጥና በየመታጠፊያው ወሬ እያስመሰልኩ መንገዱን እነግረዋለሁ።

እናትህ ሲትና
ገዳሪፍ