ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ

ሾላ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለሜ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮስ ለጉልበትሽ ራራ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እንጦጦ ማርያም ትመስገን። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ቀን ቀን የገበያው ጫጫታ በመስኮት ይገባል፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ከእኔ ጋር የሚቀረው ካሜራዬ ነው። እራቴን ቆሜ መብላት ለምጃለሁ። ለአንድ ሰው የቀረበ ገበታ ያስፈራል።

«ደንበኛ እየሸሸህ ነው አሉ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ውሸት አይደለም፤ ግን የሸሸሁት እኔ ነኝ። እንደምታውቂው ልጃችን ክርስትና ሳትነሣ ነው ያረፈችው። ፎቶግራፏን በሰማንያ ቀኗ፣ ነጭ ለብሳ እናነሣታለን ብለን ነበር። ከቀብሩ በኋላ እናቷ በለጡ ፎቶ ቤቱ መሐል ቆማ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የደንበኛ ልጆች አንድ በአንድ አየቻቸው። «የሰው ልጅ ሁሉ እዚህ አለ። የእኔዋ የት አለች?» አለችኝ። ብዙም ሳትቆይ ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ወዴት እንደምትሄድ ለጎረቤት እንኳ አልተናገረችም። እኔም ፎቶዎቹን ሁሉ አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የታቀፈ ሰው በሬ ላይ ሲቆም «ካሜራው ተበላሽቷል» ብዬ እመልሳለሁ።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ደግሞ አልሆነልኝም። ሙያውን ያስተማረኝ አርመኑ ሙሴ ሀጎፕ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ፣ የጥንት የሆላንድ ሠዓሊዎች ሥዕል የታተመበት ትልቅ መጽሐፍ ትቶልኝ ነበር። አንድ ቀን ገለጥኩት። ሰው የለበትም፤ ገበታ ብቻ ነው። ግማሽ የተላጠ ሎሚ፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ የተጋደመ ብርጭቆ፣ ከጎን የሚገባ ብርሃን። ግን እታለሜ፣ አንድ ሰው አሁን ከወንበሩ ተነሥቶ የሄደ ይመስላል። ያ ነገር ያዘኝ። ከሾላ ገበያ ሎሚና ሮማን፣ ሸክላ ማሰሮም እየገዛሁ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ እደረድር ጀመር። ብርሃኑ እስኪመጣልኝ ድረስ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ አነሣለሁ። እህል ነጋዴዋ ጎረቤቴ ወርቅአየሁ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ከርማ፣ «ወንድሜ፣ ሎሚውን ልትበላው ነው ወይስ ልታገባው?» አለችኝ። ሰፈሩ ሳቀብኝ። ስሜም ያኔ ወጣ፤ «ሰው የሌለበት ፎቶ አንሺ»።

ይህ ስም ነው ወይዘሮ ዲንቄን ያመጣቸው። እንጦጦ አቀበት ላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ልጃቸው በዳዳ በክረምቱ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንድ ወደቀበትና ሞተባቸው። ቋጠሯቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ገቡና፣ «ሰው የሌለበት ፎቶ የሚያነሣው እብድ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሰይ። እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ልጄ በሕይወቱ አንድም ፎቶ አልተነሣም። አሁን አንሣልኝ።»

የሞተ ሰው ማንሣት እንደማልችል ብነግራቸው አልሰሙኝም፤ ቋጠሯቸውን ፈቱት። ባርኔጣው፣ ምሳሩ፣ ውሃ የሚጠጣበት ጣሳ። እኔም መጽሐፉ ላይ እንዳየሁት አድርጌ ደረደርኩ፤ ምሳሩን አጋድሜ፣ ጣሳውን ብርሃኑ በሚያርፍበት በቀኝ በኩል አቁሜ። እሳቸው ግን ተነሡና ጣሳውን ወደ ግራ ወሰዱት።

«እማማ፣ እዚያ ጨለማ ነው፤ አይታይም።»

«ልጄ ግራኝ ነበር» አሉኝ። «በማያነሣበት እጅ በኩል ብታስቀምጥለት ምኑን ይጠጣዋል?»

ጣሳው ጥላው ውስጥ እንዳለ አነሣሁት። ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። ከጠረጴዛው ኋላ ባዶ ሆኖ የታየውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው» አሉ። በኦሮምኛም አንድ ነገር አሉት፤ ለእኔ የተነገረ ስላልነበረ ትርጉሙን አልጠየቅኋቸውም። ከደጅ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «አንተስ፣ ልጄ? ይህን ሁሉ ሎሚ ስትደረድር የከረምከው ማንን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ በለጡ ቆልፋው የሄደችውን ሣጥን ከፈትኩ። የልጅቷ ቀሚስ አለ። ራሷን የምትቀባበት የቅቤ ብልቃጥ አለ። እናቷ ለክርስትናዋ የገመደችው ማተብ አለ፤ አንገቷ ላይ ሳይታሰር እንደ ተጠቀለለ። መጽሐፉን አልገለጥኩም። በለጡ ጡት ስታጠባት ትቀመጥበት በነበረው በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸውና የጠዋቱ ብርሃን እስኪደርስባቸው ጠበቅሁ። ከዚያ አነሣኋቸው። ፎቶውን ሳጥብ ግን፣ ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር፣ ያቺ ትንሽ ቀሚስ ብቅ ስትል፣ እታለሜ፣ ያን ጊዜ አልቻልኩም። በቀብሯ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ሲወጣልኝም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ቁጭ ብዬ እራቴን በላሁ።

ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከበሩ ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ እህል የሚጭነው ሾፌር ፉፋ ነው። ባለፈው ከአንቺ ዘንድ ሲመለስ፣ «እህትህ ደጅ ልብስ የምታሰጣ ቀጭን ሴት አየሁ፤ ሰላም ብላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች» አለኝ። «ሠራተኛ ይዛ ይሆናል» አልኩና ሌላ ጨዋታ አመጣሁ። አንቺንም አልጠይቅሽም። በደህና ቀን ያልተለየኝ እጅሽ፣ በክፉ ቀን የተጠጋሽን ሁሉ ያቅፍ። እመብርሃን ጣራሽን ትጠብቅልሽ፤ ምድጃሽ አይጥፋ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

ከፎቶው ሁለት ቅጂ አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬአለሁ። አንዱ የአንቺ ነው፤ ሌላውን ለማን እንደምትሰጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ናፋቂሽ
ታናሽ ወንድምሽ