ወንበር የፈቱት መምህር፦ አማኑ ከፍያለው (1967–2018 ዓ.ም.)

መምህር አማኑ ከአባታቸው ከአቶ ከፍያለው ጅግሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ ሮባ በኮቸሬ ወረዳ በፍስሐ ገነት ከተማ ጥር 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ዲላ ተከታትለው በ1990 ዓ.ም. በሒሳብ የመጀመሪያ፣ በ1999 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ታናሽ ወንድማቸውን ጴጥሮስን አስተምረው ሥራ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤልቤቴልንና ሉሲን ወልደዋል።

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ዲላ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ካልኩለስ አስተማሩ። ከስልሳ ተማሪ አራቱ ብቻ እጅ ሲያወጡ፣ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ማየት ያንገበግባቸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን አራት አራት አድርገው አቧደኑ። ቡድን ሲባል አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ዕጣ ያወጡ ነበር። ዕጣ የደረሰው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳል፣ ያገኘው ነጥብ ለአራቱም ይሆናል። ጎበዞቹ ሳይወዱ በግድ ጓደኞቻቸውን ማስረዳት ጀመሩ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ያልተሰማው ሀዲጃ ዕጣው ሲደርሳት ወጥታ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሠራች። ዛሬ እሷም የሒሳብ መምህርት ናት፤ እዚሁ መካከላችን አለች።

የክፍሉ ወንበሮች ግን በብሎን ከወለሉ ጋር የታሰሩ ነበሩ። ተማሪው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። መምህር አማኑ ፈቃድ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የሰጣቸው የለም። አንድ ቅዳሜ መፍቻ ይዘው ገብተው ወንበሮቹን ራሳቸው ፈትተው ፊት ለፊት አዞሯቸው።

ንብረት በማበላሸት ተከሰሱ። ወንበሮች ተሰብረዋል የሚለውን ሪፖርት የፈረመው የኮሌጁ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። አለቆቹ ፈርም አሉት፣ ፈረመ። ያ ሠራተኛ ወንድማቸው ጴጥሮስ ነበር።

መምህር አማኑ ከማስተማር ተነሥተው የፈተና ፕሮግራም እንዲያወጡ ተመደቡ፤ ወንበሮቹም ተመልሰው ታሰሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮሌጁ ስለ አሳታፊ ትምህርት ሥልጠና ሲሰጥ፣ እሳቸው የተጠሩት አዳራሹን እንዲያስከፍቱ ነው።

ወንድማቸውን ከቤታቸው አላራቁትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ «ጴጥሮስ፣ የተሰበረው ወንበር የቱ ነው?» አልመለሰላቸውም። በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉም ደግመው ጠየቁት።

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። ኮሌጁ ዛሬ ትምህርት ዘግቶ «አርአያ መምህር» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ይህን በሕይወት ሳሉ ቢላቸው ምን ነበረበት!

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በፊቱ ያሳርፍ፤ ቤተሰባቸውን ያጽና።

ይህን የማነብላችሁ እኔ ጴጥሮስ ነኝ። ጋሼ፣ አንድም የተሰበረ ወንበር አልነበረም።