ዛኪር ያጸዳው ሰማይ

ኅዳር 3

ፊዚክስ አስተማርኩ። ከሰዓት መብራት ጠፋ። የሥነ ፈለክ ክበባችንን ክፍል ጠረግሁ... ሌላ ማን ይጠርጋታል?

የወላጅ ኮሚቴው መጋዘን ሊያደርጋት ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ወልደሚካኤል ደረጃው ላይ ያዙኝ። «ቲቸር ሪሐና፣ ኮከብ ለማየት ጣራ ምን ያደርግልሻል? ውጭ አይሻልም?» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ዓርብ ለኮሚቴው አስረዳለሁ። ካሳመንኳቸው ክፍሏ ትተርፋለች።

ኅዳር 4

እህቴ ሰዓደት እንደገና። ጎጃም በረንዳ፣ እሷ የምትሠራበት አስመጪ ቢሮ ሰው ይፈልጋል። «ስለማይታይ ነገር እስከ መቼ ታወሪያለሽ?» ያቺ ክፍል ከሄደች እዚህ ትምህርት ቤት ምን ይዞኝ ይቀራል?

ኅዳር 5

ፎቶውን መረጥኩ። ዩክሊድ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሰሞኑን ከላካቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ። ከፊት ትልልቅ ጋላክሲዎች። ከኋላቸው፣ እጅግ ሩቅ፣ እንደ ጤፍ የተበተኑ ደቃቆች።

ሰው ትልልቆቹን ያያል። ቴሌስኮፑ ግን ይበልጡን ለደቃቆቹ ነው የተላከው። ጨለማ ቁስ የሚባለው ነገር አያበራም፣ አይታይም። ክብደቱ ግን ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ያጎብጣል፤ የደቃቆቹ ቅርጽ በጥቂቱ ይዛባል። የብዙዎቹ መዛባት ሲለካ፣ የማይታየው የት እንዳለ ይታወቃል። ይህን ብቻ ይረዱልኝ።

መሳለሚያ ዛኪር ጋ ሰጠሁት፣ በትልቁ እንዲያትምልኝ። የሰርግ ፎቶ ነው ሥራው። «አታስቢ ቲቸር። ሙሽራ አስመስዬ ነው የማወጣልሽ።»

ኅዳር 7

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ዛኪር ራሱ ተሸክሞት መጣ። ላብ በላብ። ዘረጋው። ትልልቆቹ ያበራሉ። ከኋላቸው ጥቁር... ንጹሕ፣ የተወለወለ ጥቁር።

«ደቃቆቹስ?»

«የቱ?»

«ነጠብጣቦቹ፣ ዛኪር!»

«አቧራውን ነው? ኧረ ስንቱን! ባንዴ የሚጠፋውን ባንዴ፣ ያስቸገረኝን በእጄ ለቀምኩት። እንደዛ ቆሽሾማ ሰው ፊት አይቀርብም። የድካሜን አላስከፍልሽም ደግሞ።»

ማወቅ ነበረብኝ። አምና ለመታወቂያ ሲያነሳኝ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጠባሳ አጥፍቶት ነበር። ጮኬ አስመለስኩት። ሰማይንም ያጸዳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ጊዜ የለም። ሰቀልነው።

ጋሼ ወልደሚካኤል ወደዱት። «አቤት ጥራት!» ከዚያ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «እሺ፣ ይሄ ጨለማ ያልሽው ነገር መኖሩ በምን ይታወቃል? አሳዪን እስቲ።»

እጄ ጥቁሩ ላይ ሄደ። «እዚህ... ትንንሽ ጋላክሲዎች ነበሩ። ቅርጻቸው...»

«የታሉ?»

«ሲታተም ጠፉ።»

ስልኬን አውጥቼ ዋናውን ሰጠኋቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ይሄማ ያልጸዳው ነው» አለች አንዷ እናት፣ መለሰችልኝ። ጨርቅ ነጋዴው ከኋላ ሆኖ፦ «ቲቸርዬ፣ የማይታየውን በሌለው ነው የምታስረጂን?»

ሳቅ። ጋሼ ወልደሚካኤል እንባቸውን እስኪጠርጉ።

በሩ ላይ የቆመው ዛኪር ብቻ አልሳቀም። ፎቶውን ያያል፣ እኔን ያያል።

ኅዳር 10

ካርቶን ገባ። ቁልፉን ተቀበሉኝ።

ጥር 16

ጋሼ ወልደሚካኤል ፎቶውን ሱቃቸው ሰቅለውታል። ገበያተኛ ቆሞ ያየዋል አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል።

መጋቢት 19

ዩክሊድ ዓይኑ ደክሞ ነበር አሉ። ምድር ሳለ ውስጡ የቀረ እርጥበት፣ እዚያ ሄዶ መስተዋቱ ላይ ስስ በረዶ ሆኖበት። አንዱን መስተዋት ብቻ ጥቂት አሞቁለት። በረዶው ለቀቀ። አሁን ደቃቆቹን አጥርቶ ያያል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ለማን ልንገር?

ከዚያ ዛኪር ጋ ሄድኩ። ለጎጃም በረንዳው ቢሮ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ። ጾሙ ድምፁን ቀንሶበታል። አነሳኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፊቴን አቀረበው፤ ጠባሳው መጣ። እጁን ከማውሱ አነሳ። ከኅዳር ወዲህ ሳይጠይቅ ምንም አይነካም አሉ።

«ቲቸር፣ ልተወው አይደል?»



«አጥፋው» አልኩት።